ሳይቃጠል በቅጠል፤ ጦርነትን ለማስቀረት ስለሚመደብ ገንዘብና ስለ መራጩ ደብዳቤ

የሰላምን ዋጋ ነጋዴ የሚያውቀው በሒሳብ መዝገቡ ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ መርከብ አቅጣጫውን ሲለውጥ፣ የመድን ክፍያ ሲያሻቅብ ጉዳቱ አስቀድሞ የሚደርሰው በእርሱ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ግጭት ሳይነሣ ለማስቀረት የሚውለው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣና በማን ቃል እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀነስ የሚጠይቅ ነጋዴ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በዩናይትድ ስቴትስ አሠራር ይመለከታል፤ የሚጠቀሱትም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በኖቬምበር 2023 ዓ.ም. የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር የሚያልፉትን የንግድ መርከቦች ማጥቃት በጀመሩ ጊዜ ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች የስዊዝን ቦይ ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሩ። ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚደረገው ጉዞ በ10 ቀንና ከዚያም በላይ ረዘመ። ቀድሞ ከመርከቡ ዋጋ 0.1 በመቶ የማይሞላው የጦርነት አደጋ መድንም ወደ 1 በመቶ ተጠጋ። ከውጭ ንግዷ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው በጅቡቲ ለሚያልፈው ለኢትዮጵያ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም።

ከዚህም በፊት፣ በ2020 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተነሣው ጦርነት ምክንያት አገሪቱ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ተሰርዛለች። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይሠራ የነበረው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፒ.ቪ.ኤች. ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ያስታወቀው በኖቬምበር 2021 ነው። የሰላሙ ስምምነት በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ ቢፈረምም የገበያው ዕድል ከፊርማው ጋር አብሮ አልተመለሰም።

ግጭትን ለማስቀረት የሚውለው ገንዘብ የሚከፈለው ለሽማግሌዎችና ለአስታራቂዎች ሥራ፣ የጠብ ምልክት አስቀድሞ ለመለየት፣ በውሃና በግጦሽ የተጣሉትን ለማስማማት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2018 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ እንዲህ ያለው ሥራ በደንብ ቢያዝ ዓለም በየዓመቱ ከ5 ቢሊዮን እስከ 70 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያተርፍ ገምተዋል።

የአሜሪካ ኮንግሬስ በዲሴምበር 2019 ግሎባል ፍራጂሊቲ አክት የተባለውን ሕግ አወጣ። ሕጉ ግጭትን ለመከላከልና ለማረጋጋት ለሚውል አንድ ፈንድ ለ5 ዓመታት በየዓመቱ 200 ሚሊዮን ዶላር፣ ለድንገተኛ ችግር ለሚውል ሌላ ፈንድ ደግሞ 30 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። በ2022 ዓ.ም. ሥራው ከሚካሄድባቸው አገሮች መካከል ሞዛምቢክ፣ ሊቢያና ሄይቲ ተመረጡ።

እዚህ ላይ ነጋዴ በቀላሉ የሚረዳው አንድ ልዩነት አለ። ባንክ ብድር ፈቀደ ማለት ገንዘቡ ከሣጥን ወጣ ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ ኮንግሬስም በሕግ የፈቀደውን በየዓመቱ በበጀት ሕግ ካልመደበው አይከፈልም። ስለዚህ ክርክሩ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ የመራጩም ደብዳቤ ጉልበት የሚኖረው በዚህ ጊዜ ነው።

የአሜሪካ በጀት ዓመት የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ቀን ነው። ኮሚቴዎቹ ሒሳቡን የሚመረምሩት ግን ከወራት በፊት ስለሆነ፣ በመስከረም የተጻፈ ደብዳቤ ገበያው ከተበተነ በኋላ እንደ ደረሰ ዕቃ ይቆጠራል። ጸሐፊው ደብዳቤውን ለራሱ ወረዳ እንደራሴና ለግዛቱ ሁለት ሴናተሮች ይልካል፤ የሌላ ወረዳ ሰው ቃል እምብዛም አይመዘንምና። የፈንዱን ስምና የሚጠይቀውን የገንዘብ መጠን ለይቶ ይጠቅሳል። ሥራውንና የደረሰበትን ኪሣራ በአጭሩ ይገልጻል። በ2001 ዓ.ም. ከደረሰው የመርዝ ደብዳቤ አደጋ ወዲህ ወደ ኮንግሬስ የሚላከው ፖስታ ሁሉ ስለሚፈተሽ ይዘገያል፤ ስለዚህ በስልክ መናገር ወይም ጽሑፉን እንደራሴው በወረዳው ላለው ቢሮ በእጅ ማድረስ ይሻላል።

ሳይነሣ የቀረ ጦርነት በዓይን አይታይም፤ ጋዜጣም ስለ እርሱ አይጽፍም። ሕግ አውጭው ግን «ገንዘቡ በአገር ቤት ይቅር» የሚለውን መራጭ በየቀኑ ይሰማል። ሌላው ዝም ካለ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያደላል። በ2025 ዓ.ም. የሆነው ይህን ያስረዳል። የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ከጁላይ 1 ጀምሮ ራሱን ችሎ መሥራቱ አበቃ። በዚያው ወር ኮንግሬስ ቀድሞ ከመደበው የውጭ እርዳታ ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ መልሶ ሰረዘ። የተመደበ ገንዘብ እንኳ ጠበቃ ካጣ አይጸናም።

የኢትዮጵያ ነጋዴ በዚያ አገር ድምፅ የለውም። በውጭ አገር ሰው ትእዛዝ የሚሟገተውንም ሰው በ1938 ዓ.ም. የወጣ ሕግ እንዲመዘገብ ሊያስገድደው ስለሚችል፣ ነጋዴው ደንበኛውን ወይም ዘመዱን «እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ» ሊለው አይገባም። ነገር ግን ቡና ገዢው እያንዳንዱ ጭነት ስንት ቀን እንደ ዘገየና መድኑ በስንት እንደ ጨመረ በተራ የንግድ ደብዳቤ ማወቁ የሚገባው ነው። ገዢው የራሱ ኪሣራ ያሳሰበው መራጭ ከሆነ፣ ለእንደራሴው የሚያቀርበው ማስረጃ በእጁ ይገኛል። እያንዳንዱ አስመጪና ላኪ የዘገየበትን ቀንና የከፈለውን ጭማሪ በየጭነቱ ለይቶ መመዝገብን ከዛሬ ይጀምር።