በፈንክሽናል የፕሮግራም ቋንቋ የመረጃ ክምችት ውል ስለ መንደፍ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመንግሥት ከተሠሩት የኢንዱስትሪ ፓርኮች የመጀመሪያው ሲሆን፣ ከ2006 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሼዶቹ ውስጥ ልብስና ጫማ ለውጭ አገር ገበያ ሲዘጋጅ ቆይቷል። ከዚያው ሳይርቅ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ፓርክ ይገኛል። ስለዚህ ስፌትና የፕሮግራም ሥራ በዚህ አካባቢ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ይቻላል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አይኦኤችኬ የተባለው ድርጅት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተባብሮ፣ ከኢትዮጵያና ከኡጋንዳ ለተመረጡ ሴቶች ሃስኬል የተባለውን የፈንክሽናል ፕሮግራም ቋንቋ በአዲስ አበባ አስተምሯል። እንግዲህ ጉዳዩ ለአገራችን ተማሪዎች እንግዳ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእንዲህ ያለ ቋንቋ ውስጥ የመረጃ ክምችት ኢንተርፌስ እንዴት እንደሚነደፍ ማስረዳት ነው። ኢንተርፌስ የምንለው ክምችቱ ለተጠቃሚው የሚገባውን ውል ነው፤ ይኸውም «ይህን ይህን ልትጠይቀኝ ትችላለህ፤ መልሴም በዚህ ሕግ ይሆናል» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ በአጭሩ «ውል» እያልን እንጠራዋለን።

ሀ. የፈንክሽናል ቋንቋ ጠባይ

በፈንክሽናል ቋንቋ አንድ ጊዜ የተሠራ መረጃ አይለወጥም። በአንድ መዝገብ ላይ አዲስ ነገር ስንጨምር የቀድሞው መዝገብ እንዳለ ይቀመጣል፤ አዲሱም ራሱን ችሎ ይወለዳል። ይህን የሚሰማ ሰው «ታዲያ በየጊዜው ሁሉን መገልበጥ ብክነት አይደለምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ አዲሱ መዝገብ ከአሮጌው ጋር አብዛኛውን አካል ይጋራል የሚል ነው። ለምሳሌ 20,000 ነገሮች በሚዛናዊ ዛፍ መልክ ቢቀመጡ፣ አንድ ነገር ሲጨመር እንደ አዲስ የሚሠሩት ከሥር እስከ ጫፍ ባለው መንገድ ላይ የሚገኙት ጥቂት አንጓዎች ብቻ ናቸው፤ ቁጥራቸውም በአሥራዎቹ የሚገመት ነው። ክሪስ ኦካሳኪ በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ዓይነቱ አሠራር በሰፊው ያብራራል።

በነዚህ ቋንቋዎች ታሪክ ቀድሞ የመጣው ክምችት ዝርዝር ነው። ጆን ማካርቲ በ1958 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊስፕ ስሙን እንኳ ያገኘው ዝርዝርን ከማቀናበር ነው። ዛሬ ግን ዝርዝር ብቻውን አይበቃም፤ ስብስብና መዝገብም ያስፈልጋሉ። ዝርዝር ተራን ይጠብቃል፤ ድግግሞሽንም ይፈቅዳል። ስብስብ ግን አንድን ነገር ከአንድ ጊዜ በላይ አይዝም። መዝገብ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ዋጋ ይሰጣል። የነዳፊው ጥያቄ እንግዲህ፣ ለሦስቱ ሁሉ የሚሆን አንድ የጋራ ውል ማውጣት ይቻላልን? የሚል ነው።

ለ. አንድ ምሳሌ ከስፌት ሼድ

ጥያቄው ከሥራ ላይ ቢታይ ይሻላል። በአንድ ሼድ ውስጥ አራት ሰፊዎች አሉ እንበል፤ የሥራ ቁጥራቸውም 11፣ 12፣ 14 እና 15 ነው። በአንድ ቀን በቅደም ተከተል 40፣ 55፣ 40 እና 60 ሸሚዝ ሰፉ። የቀኑ ጠቅላላ ሥራ 195 ሸሚዝ መሆኑ ግልጽ ነው፤ የቡድኑም ጉርሻ የሚታሰበው በዚሁ ቁጥር ነው።

አሁን የሠራተኞቹ ቁጥሮች በስብስብ ተይዘዋል እንበል። ፕሮግራም ጸሐፊው «እያንዳንዱን ሠራተኛ በሰፋችው ሸሚዝ ብዛት ለውጥ፤ ከዚያ ደምር» ብሎ ያዛል። ትእዛዙ ሲነበብ ምንም ጉድለት የለበትም። ነገር ግን ስብስብ ተለውጦ የሚወጣው ስብስብ ሆኖ ስለ ሆነ፣ ሁለቱ 40ዎች አንድ ይሆናሉ። የሚቀረው 40፣ 55 እና 60 ነው፤ ድምሩም 155 ይመጣል። የአንዲት ሰፊ የሙሉ ቀን ድካም ጠፋ ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ስሕተት አለ ብሎ አይናገርም፤ ምክንያቱም የተባለውን በትክክል ፈጽሟል። በማግሥቱ ሁሉም የተለያየ ብዛት ቢሰፉ ደግሞ ሒሳቡ ትክክል ይሆናል፤ ስለዚህ ጉድለቱ ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

እንግዲህ የውል አነዳደፍ የቋንቋ ሊቃውንት የሚከራከሩበት የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በመጨረሻ የሰው ደመወዝ ላይ ይደርሳል።

ሐ. መለወጥና ማጠቃለል

ከላይ በታየው ምሳሌ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እንዳሉ ልብ ይሏል። የመጀመሪያው መለወጥ ነው፤ ይኸውም በክምችቱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነገር በሌላ ተክቶ ተመሳሳይ ክምችት መልሶ መሥራት ነው። ሁለተኛው ማጠቃለል ነው፤ ይኸውም በክምችቱ ውስጥ አልፎ አንድ መልስ፣ እንደ ድምር ወይም እንደ ብዛት ያለውን፣ ማውጣት ነው።

በሃስኬል የመለወጥ ውል ፈንክተር ይባላል። ይህ ውል ሁለት ሕጎች አሉት። አንደኛ፣ ምንም የማይለውጥ ፈንክሽን ቢሰጠው ክምችቱን እንዳለ መመለስ አለበት። ሁለተኛ፣ ሁለት ለውጦችን በተከታታይ ማድረግና ሁለቱን አጣምሮ በአንድ ጊዜ ማድረግ አንድ ዓይነት ውጤት ሊሰጡ ይገባል። ከዚህም በላይ ውሉ ማንኛውንም የውጤት ዓይነት ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል ይኖርበታል። ስብስብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በዛፍ የተቀመጠ ስብስብ ነገሮቹን በትልቅነትና በትንሽነት ማወዳደር አለበት፤ መወዳደር የማይችል ነገር ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ የሃስኬል ስብስብ የፈንክተርን ውል አልፈረመም፤ የመለወጫ ፈንክሽን ቢኖረውም ለብቻው የተሰጠው ነው።

የማጠቃለል ውል ግን ፎልደብል ይባላል፤ ዝርዝርም ስብስብም መዝገብም ፈርመውታል። ይህም የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። የሚያጠቃልል ሰው ከክምችቱ ያወጣል እንጂ መልሶ አይሠራም፤ መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገው ቅድመ ሁኔታም አያስቸግረውም። ከዚህ የምንደርስበት ፍሬ ነገር፣ ማውጣት ለብዙ ክምችቶች የጋራ ሊሆን ሲችል መልሶ መሥራት ግን የየክምችቱን ጠባይ ይጠይቃል የሚል ነው። የሼዱም ሒሳብ በዚህ ይቃናል፤ ሠራተኞቹን አስቀድሞ ወደ ዝርዝር አውጥቶ መለወጥ፣ ወይም በስብስቡ ላይ እያለፉ ብዛቱን በቀጥታ መደመር ነው። በሁለቱም መንገድ 195 ይገኛል።

ስካላ የተባለው ቋንቋ ሌላ መንገድ መርጧል። በዚያ ስብስብም ቢሆን በዚያው በጋራው ስም ይለወጣል፤ የሚወጣውም ስብስብ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው 2.8 እትም፣ የተለወጠው ክምችት ምን ዓይነት እንደሚሆን የሚወስን ረቂቅ ዘዴ በውሉ ላይ ተጨምሮ ነበር። ዘዴው ኃይለኛ ቢሆንም ለጀማሪው አንባቢ እጅግ የተወሳሰበ ሆነ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው 2.13 እትምም እንዲወገድ ተደረገ። ውል ለሚነድፈው ብቻ ሳይሆን ለሚያነበውም መሠራት እንዳለበት ይህ ታሪክ ያስተምራል።

መ. ውል የሚደብቀው ዋጋ

ሌላው ችግር የጊዜ ዋጋ ነው። «ከክምችቱ ውስጥ እንዲህ ተኛውን ስጠኝ» የሚል ጥያቄ በጋራ ውል ውስጥ ቢገባ፣ ለዝርዝርም ለሌላውም አንድ መስሎ ይታያል። ነገር ግን በሰንሰለት መልክ የተያያዘ ዝርዝር ወደ ተጠየቀው ለመድረስ ከመጀመሪያው ጀምሮ መቁጠር አለበት። 20,000 የሥራ ቲኬቶችን በየተራ ቁጥራቸው እየጠራን ብናነብ፣ እርምጃው 200,010,000 ይደርሳል። በአንድ ጉዞ ብናጠቃልል ግን 20,000 እርምጃ ይበቃናል። ስለዚህ ርካሽ የማይሆንን ጥያቄ ርካሽ አስመስሎ የሚያቀርብ ውል ተጠቃሚውን ያሳስታል።

ሠ. ስለ ባዶ ክምችትና ስለ ከመጠን ያለፈ ጥቅልነት

እሑድ ቀን ሼዱ ዝግ ነው፤ ቲኬት የለም። «የመጀመሪያው ቲኬት የትኛው ነው?» ቢባል ምን ይመለሳል? የሃስኬል የቆየው ፈንክሽን በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙን ያቋርጠዋል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው 9.8 ከተባለው የኮምፓይለር እትም ጀምሮም በዚህ ፈንክሽን ለሚጠቀሙ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የተሻለው ውል «ምናልባት አለ፤ ምናልባትም የለም» የሚለውን በመልሱ ዓይነት ላይ አስቀድሞ የሚጽፍ ነው። ያን ጊዜ ፕሮግራም ጸሐፊው ስለ ባዶው ቀን ሳያስብ ለማለፍ ይቸገራል።

በሌላ በኩል የጋራ ውል ሲሰፋ አስቂኝ ነገር ሊያመጣ ይችላል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሃስኬል የሁለት ነገሮች ጥንድ ርዝመቱ ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ 1 ነው። ጥንድም የማጠቃለልን ውል ስለ ፈረመ፣ ሁለተኛው አባል ብቻ እንደ ይዘት ይቆጠራል። በሕጉ መሠረት መልሱ ትክክል ነው፤ የጠየቀው ሰው ግን ምናልባት ጥንዱን ሳይሆን ዝርዝር የያዘ መስሎት ሊሆን ይችላል።

ረ. መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከትነው አራት ነገሮችን መያዝ ይበጃል። ማውጣትን ከመልሶ መሥራት መለየት፤ ሕጉን የማይጠብቅን ክምችት በውሉ አለማስፈረም፤ የጊዜን ዋጋ አለመሸሸግ፤ ስለ ባዶም አስቀድሞ መናገር። እነዚህን የሚያሟላ ውል ሁልጊዜ አጭር ላይሆን ይችላል፤ ለሦስት ክምችት ሦስት ስም መማርም ለተማሪው ያሰለቻል። ቢሆንም በእኛ አስተያየት፣ አንድ ተጨማሪ ስም ማጥናት 40 ሸሚዝ ሰፍታ ሳይቆጠርላት ከምትቀር ሠራተኛ ጉዳት ጋር ሲመዘን ቀላል ነው። በዚህ አስተያየት የማይስማሙ ጓደኞቻችንና መምህራኖቻችን፣ በተለይም የስካላን መንገድ የሚመርጡ፣ ሐሳባቸውን በሚቀጥለው እትም ቢገልጹልን በደስታ እንቀበላለን።