«ሰብር አድርጊ» ስንባባል

ረመዳን ሲገባ ንፋስ ስልክ ላፍቶም መልኩን ይለውጣል። በጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ከአስር ሰዓት በኋላ ደረጃው ሁሉ ሳምቡሳ ሳምቡሳ ይሸታል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ሾርባና ተምር ይላላካል። ወሩ ቤተሰብን ይሰበስባል። ስለሚሰበስብም በሌላው ጊዜ ተሸፍኖ የሚያልፈው በደል ጎልቶ ይታያል። ዛሬ የምናነሳው ጩኸትም ዱላም የሌለበትን ነው።

ባል ለአስቤዛ ገንዘብ እንዳልሰጠ እያወቀ «ትናንት ሰጥቼሻለሁ፤ አንቺ መቼም ትረሻለሽ» ይላል። ስትከራከረው «ጾሜን ልታበላሺብኝ ነው?» ብሎ ያኮርፋል። መግሪብ ላይ ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። አንድ ቀን ቢሆን ተራ ጠብ ነው። ሲደጋገምና ሴትየዋ የገዛ ትዝታዋን መጠራጠር ስትጀምር ግን ሌላ ነው። ፈረንጆች «ጋዝላይቲንግ» ይሉታል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1938 ለመድረክ ከበቃ የእንግሊዝ ቲያትር የመጣ ነው፤ በቲያትሩ ባልየው ዕቃ እየደበቀ ሚስቱን «ያጠፋሽው አንቺ ነሽ» ይላታል።

ወንዱም አያመልጥም። ደመወዙን ሁሉ ካላስረከበ «ለዚህ ነው ያሳደግኩህ?» የሚባል ስንት ልጅ አለ!

የሚከፋው ዲን መሣሪያ ሲሆን ነው። «ሰብር አድርጊ» የሚለው ምክር መልካም ነው፤ በዳዩ ራሱ ሲናገረው ግን «ዝም በይ» ማለት ይሆናል። ባልና ሚስት በልብስ የተመሰሉት በሱረቱል በቀራ ውስጥ ስለ ጾም በሚናገረው አንቀጽ፣ በ187ኛው ነው። ልብስ ገመና ይሸፍናል እንጂ አፍ አያፍንም።

እንዲህ ያለው ክርክር በክርክር አይረታም። «እኔ የማስታውሰው እንዲህ አይደለም» ብሎ ማቆም፣ የተባለውንም በዕለቱ ስልክ ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ይሻላል። ቀጥሎ ለሚያምኑት አንድ ሰው መንገር ነው፤ በዳይ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርቀው እህትንና ጓደኛን ነውና። ሱረቱ ኒሳእ በ35ኛው አንቀጽ ከሁለቱም ቤተሰብ ሽማግሌ እንዲሰየም ያዛል። ሰው ከተራዊህ በኋላ ስለሚገናኝ ለዚህ ወሩ ይመቻል። ሽማግሌው «ቻይው» ብቻ የሚል ከሆነ ሌላ መፈለግ ነውር አይደለም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ባልና ሚስት ቤተሰቡን በመምራት እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት የሚቻለው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው፤ «በግድ እወስድሻለሁ» የሚለው ማስፈራሪያ መሠረት የለውም። ዱላ ከታከለበት ግን ሽምግልናውን ሳይጠብቁ በአቅራቢያው ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ይገባል፤ ዒድ እስኪያልፍ ተብሎ የሚቆይ ነገር አይደለም።