«ኒታ ኔግሪታ» እና የተቀባ ጥቁረት

«ኒታ ኔግሪታ» በፊሊፒንሱ ጂ.ኤም.ኤ. ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 21 እስከ ጁን 3 ቀን 2011 ከሰዓት በኋላ ሲታይ የቆየ ተከታታይ ድራማ ነው። ባለታሪኳ ኒታ ከፊሊፒናዊት እናትና ከጥቁር አሜሪካዊ አባት የተወለደች ልጅ ናት። ቆዳዋ ከጎረቤቱ ሁሉ ስለጠቆረ፣ ጸጉሯም ከርዳዳ ስለሆነ ትሰደባለች፤ ትገለላለች። ድራማው ከልጅቱ ወገን ነው፤ ሰዳቢዎቿን ክፉ አድርጎ ይስላል፣ ተመልካቹንም አብሯት እንዲያለቅስ ያደርጋል። በድራማው ዙሪያ ውዝግብ የተነሣው ከታሪኩ ሳይሆን ከተዋናይቷ ነው። ኒታን የተጫወተችው ባርቢ ፎርቴዛ ያኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጥቁር አልነበረችም። ገጸ ባሕርይዋን ለመሆን ፊቷንና ገላዋን ጠቆር ያለ ቀለም ትቀባለች፣ ዊግ ታጠልቃለች፤ ቀረጻው ሲያበቃ ትታጠባለች።

ድራማው የሚመደብበት ዘውግ በአገሩ «ቴሌሴርዬ» ይባላል። የላቲን አሜሪካውን ቴሌኖቬላ ወይም ኢትዮጵያ ውስጥ በቃና ቴሌቪዥን እየተተረጎሙ የታዩትን የቱርክ ድራማዎች የሚያውቅ ሰው አካሄዱ አይጠፋበትም፤ በሳምንት አምስት ቀን ይታያል፣ የጠፋች ልጅ፣ የተደበቀ አባት፣ ደግ ድኻና ጨካኝ ሀብታም አይጠፉበትም። የዚህ ዓይነት ድራማ ባለታሪክ አንድ መከራ ተሸክማ መምጣት አለባት። አንዷ ዓይነ ስውር ትሆናለች፣ ሌላዋ ፊቷ ጠባሳ አለበት፣ ሦስተኛዋ የቤት ሠራተኛ ናት። «ኒታ ኔግሪታ» በዚህ የመከራ ቦታ ላይ ያስቀመጠው የቆዳ ቀለምን ነው። የድራማው ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ይመስላል። ቀለሙና ዊጉ ዓይን ስለሚስቡ ክርክሩ በእነርሱ ላይ ተንጠለጠለ እንጂ፣ ጥቁረት እንደ ሕመም ወይም እንደ አካል ጉዳት የሚታዘንለት ነገር ሆኖ መቅረቡ ከቀለሙ ይልቅ ጠለቅ ያለ ጉዳይ ነው። የሚያዝን ሰው ከሚታዘንለት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ድራማውም ተመልካቹን ያቆመው እዚያ ከፍታ ላይ ነው።

ፊሊፒንስ ውስጥ ቀለም የቆየ ታሪክ አለው። ስፔን ደሴቶቹን ከ1565 እስከ 1898 ስትገዛ፣ ከሁሉ ቀድመው በዚያ የኖሩትን ኤታ፣ አቲና አግታ የሚባሉ ጥቁር ሕዝቦች «ኔግሪቶ»፣ ማለትም ትንንሽ ጥቁሮች ብላ ጠራቻቸው። የድራማው ርእስ የዚሁ ስም የሴት መጠሪያ ነው። እነዚህ ሕዝቦች ዛሬም አሉ፤ አብዛኞቹ ከአገሩ ድኾች መካከል ናቸው። ካሊቦ በምትባል ከተማ በየዓመቱ በጃንዋሪ አቲ-አቲሃን የሚሉት በዓል ይከበራል። ሕዝቡ ጥላሸት ተቀብቶ አቲዎችን እየመሰለ ለሕፃኑ ኢየሱስ ክብር በየጎዳናው ይጨፍራል። ስለዚህ ፊትን ማጥቆር ለብዙ ፊሊፒናዊ የልጅነት ጨዋታና የሃይማኖት በዓል ትዝታ ነው፤ የድራማው ሥራ በብዙዎች ዘንድ እንደ ነውር ያልታየው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። በሌላ በኩል የገበያው መደርደሪያ በቆዳ ማንጫ ሳሙናና ቅባት የተሞላ ነው፤ በፊልምና በማስታወቂያ የሚነግሡትም የስፔን ወይም የአሜሪካ ደም ያለባቸው ነጣ ያሉ ተዋንያን ናቸው። አንድ አገር ለበዓል ፊቱን አጥቁሮ፣ በማግስቱ ማንጫ ሊገዛ ይሄዳል።

ከስፔን ቀጥላ አሜሪካ እስከ 1946 ገዛች። እ.ኤ.አ. በ1899 ከፊሊፒኖች ጋር በተጀመረው ጦርነት የአሜሪካ ጦር ጥቁር ወታደሮችን አሰልፎ ነበር፤ 24ኛውና 25ኛው የእግረኛ ሬጅመንቶች ከእነዚህ ይገኙበታል። ከጥቁሮቹ አንዱ ዴቪድ ፌገን ጦሩን ከድቶ ከፊሊፒኖች ጎን ተዋግቷል። ከነጻነት በኋላም የክላርክ አየር ኃይልና የሱቢክ ባሕር ኃይል ሰፈሮች፣ የመጀመሪያው እስከ 1991፣ ሁለተኛው እስከ 1992 ድረስ በአሜሪካ እጅ ቆዩ። ወታደሮቹ ሲሄዱ ልጆቻቸው ከእናቶቻቸው ጋር በአንሄለስና በኦሎንጋፖ ከተሞች ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ በእስያ ከወታደሮቿ የተወለዱ ልጆችን የምትቀበልበትን ሕግ ስታወጣ ቬትናም፣ ኮሪያ፣ ላኦስ፣ ካምቦዲያና ታይላንድ ተጠቀሱ፤ ፊሊፒንስ ተዘለለች። ኒታን የመሰሉ ሴቶች በሕይወት አሉ ማለት ነው፤ የሚኖሩበት ከተማም ይታወቃል። የጃማይካ ዝርያ ያላት ዘፋኟና ኮሜዲያኗ ኤሊዛቤት ራምዚም የአገሩን መድረክ ለረጅም ዓመታት ስታስቅና ስታዘፍን ኖራ በ2015 አርፋለች። ጥቁር ፊሊፒናዊት በመድረክ ላይ ታይታ የማትታወቅ እንግዳ አልነበረችም።

ጥቁርን ሰው ለመጫወት በመድረክ የመቀባቱ ልማድ ግን ከፊሊፒንስ አልመጣም። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ፣ በ1830ዎቹ፣ ቶማስ ራይስ የተባለ ነጭ አሜሪካዊ ፊቱን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁሮ፣ ቡትቶ ለብሶ፣ እንደ ባሪያ እየተንገዳገደ ጨፍሮ ዝነኛ ሆነ። ከእርሱ በኋላ በ1843 ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሙሉ ቡድኖች ተቋቋሙ፤ ለአሥርት ዓመታትም የአሜሪካ ዋና መዝናኛ ይኸው ሆነ። ነጮች ጥቁር ተቀብተው ባሪያው ሰነፍ፣ ሆዳም፣ ሣቂተኛና በባርነቱ ደስተኛ እንደሆነ አድርገው ያሳዩበታል። ጥቁሮች ራሳቸው መድረክ ሲፈቀድላቸው እንኳ ብዙ ጊዜ ፊታቸውን ቡሽ መቀባት ነበረባቸው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አስገራሚው የእነዚህ ቡድኖች ስም ነው። ከዝነኞቹ አንዱ ራሱን «የኢትዮጵያ ሴሬናደሮች» ብሎ ሰየመ፤ በ1844 በዋይት ሐውስ ዘፈነ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሎንዶን ተሻግሮ ተጨበጨበለት። ለዚህ መድረክ የተጻፉ ዘፈኖችም «የኢትዮጵያ ዜማ» የሚል ጽሑፍ በሽፋናቸው ላይ ታትሞ ይሸጡ ነበር። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ኢትዮጵያን አላያትም። በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም «ኢትዮጵያዊ» ጥቁር ሰውን ሁሉ ስለሚያመለክት ስሙን ከዚያ አንሥተው ለቡሽ ከሰላቸው አዋሉት። በእነዚያው ዓመታት በእውነተኛዋ ኢትዮጵያ ዘመነ መሳፍንት እያከተመ፣ ካሣ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብለው ሊነግሡ ጥቂት ዓመታት ቀርተዋቸው ነበር።

ስሙ በዚህ አላበቃም። በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1910 ስድስት እንግሊዛውያን የዘመኑ የባሕር ኃይል ኩራት የሆነችውን ድሬድኖት የጦር መርከብ «የአቢሲኒያ መሳፍንት» መስለው ጎበኙ። የቀልዱ አቀናባሪ ሆራስ ደ ቬር ኮል የውጭ ጉዳይ ባለሥልጣን ሆነ፣ አድሪያን ስቲቨን ደግሞ አስተርጓሚ። አራቱ ፊታቸውን አጥቁረው፣ ጺም ለጥፈውና ጥምጥም አድርገው መጡ፤ ከአራቱ አንዷ በኋላ ቨርጂኒያ ዉልፍ ተብላ የዓለም ደራሲ የሆነችው የአድሪያን እኅት ናት። የአቢሲኒያ ቋንቋ የሚመስል ድምፅ እየፈጠሩ፣ ከላቲን ግጥም እየቀነጨቡ አወሩ። ምግብ ሲቀርብላቸው የከንፈራቸው ቀለም እንዳይለቅ ፈርተው አልበሉም። እንደሚተረከው መርከቧ የአቢሲኒያ ሰንደቅ ዓላማ ስላልነበራት የዛንዚባር ተሰቀለ። የዚህ ቀልድ ምስጢር በመርከቧ ላይ ኢትዮጵያዊ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት እውነተኛው ልዑክ ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ በዓል ወደ እንግሊዝ ሄደው ነበር። እንግሊዞቹ የመርከቧን ቀልድ ዛሬም በፈገግታ ያነሡታል፤ የሚሳቀው በባሕር ኃይሉ ላይ ነው ይባላል፣ ግን ቀለሙ የተቀባው በማን ስም እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ከሁሉ ዕድሜ ያገኘው የተቀባ ኢትዮጵያዊ ፊት የአይዳ ነው። ጁዜፔ ቬርዲ የደረሰው ኦፔራ በዲሴምበር 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ ሲከፈት፣ ባለታሪኳ በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ልዕልት ነበረች። ከዚያ ወዲህ ነጭ ዘፋኞች እየጠቆሩ ዘፍነዋታል፤ ጥቁሯ ሊዮንታይን ፕራይስ ኒው ዮርክ ላይ በ1985 የተሰናበተችውም በዚሁ ሚና ነው። በ2022 በጣሊያን ቬሮና አና ኔትሬብኮ ጠቁራ ስትቀርብ፣ ጥቁር አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ኤንጀል ብሉ በዚያው ቲያትር በሌላ ሥራ ልትዘፍን የነበረውን ውል ትታ ወጣች። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ግን በ2015 «ኦቴሎ»ን ሲያቀርብ ማጥቆሩን አቁሞ ነበር። የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. በበኩሉ የተቀቡ ዘፋኞች የሚታዩበትን ሳምንታዊ ዝግጅት ከ1958 እስከ 1978 ሲያስተላልፍ ኖሯል።

ለ«ኒታ ኔግሪታ» የሚቀርበው መከላከያ ከዚህ ታሪክ ጋር ሲተያይ ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም። ድራማው የአሜሪካውን መድረክ አልቀዳም፤ በጥቁር አልሳቀም፣ ዓላማውም መገለልን ማውገዝ ነው። ተዋናይ ማለት ያልሆነውን የሚሆን ነው፤ ንጉሥን የሚጫወት ንጉሥ መሆን የለበትም። ክርክሩ የሚሰናከለው ንጉሥ ስለማይገለል ነው። ኤታዋ ወይም የጥቁር ወታደር ልጅ ከካሜራ ፊት እንዳትቆም የሚያደርጋት ራሱ ድራማው የሚያወግዘው አድልዎ ሆኖ ሳለ፣ ስለ እርሷ ሲተረክ እንኳ ቦታውና ደመወዙ ለሌላ ይሰጣል። ፎርቴዛ ከዚያ በኋላ በጂ.ኤም.ኤ. ታላላቅ ተዋንያን መካከል ተቀምጣለች፤ በ2022 «ማሪያ ክላራ አት ኢባራ» በተባለው ዝነኛ ድራማ ተጫውታለች።

ጉዳዩ በሌላ መንገድ ሊሠራ እንደሚችል ያሳየው ከኢትዮጵያ የወጣ ሰው ነው። ዮሲ ቫሳ ኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ በሱዳን በኩል እስራኤል የገባ ኮሜዲያን ነው። ከሻይ ቤን አታር ጋር የጻፈው «ነብሱ» የተሰኘ የቴሌቪዥን ኮሜዲ በ2017 ታየ። ራሱ ቫሳ ከአውሮፓ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ያገባ ቤተ እስራኤላዊ ሆኖ ይጫወታል፤ የሁለቱ አማቾች አለመግባባት የቀልዱ ምንጭ ነው። የተቀባ የለም፣ የሚታዘንለትም የለም። በሁለቱም ወገን ይሳቃል፤ ስለ ቀለም የሚያዳልጠው ጥያቄ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ደግ ነን ከሚሉት ዘንድ ነው። ሥራው በ2018 የዓለም አቀፉን ኤሚ ሽልማት በኮሜዲ ዘርፍ አግኝቷል። ከሽልማቱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ፖሊስ ቤተ እስራኤላዊ ወታደርን ሲደበድብ በቪዲዮ በመታየቱ ቴል አቪቭ በተቃውሞ ሰልፍ ተናውጣ ነበርና፣ «ነብሱ» የወጣው የቁጣ ዘመን ላይ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ራሱ በመድረክ የሚቀባው አብዛኛውን ጊዜ ምላስ ነው። በአማርኛ ኮሜዲ ዘበኛው፣ ሊስትሮውና ሎተሪ አዟሪው የሚታወቁት አማርኛቸውን ሲሰብሩ ነው፤ ሰባሪው ግን አማርኛ አፉን የፈታበት የአዲስ አበባ ልጅ ሊሆን ይችላል። በልጅነታቸው ከሶዶ፣ ከቦዲቲና ከአረካ ወጥተው አዲስ አበባ ጫማ የጠረጉ የወላይታ ልጆች ይህን ቀልድ ያውቁታል። የወላይታ ሕዝብ ራሱ እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ድረስ ሌሎች ባወጡለት «ወላሞ» በሚል ስም ይጠራ ነበር።

በወላይታ ውስጥ ደግሞ ቀለምም ዘዬም የማይገልጠው ሌላ መለያ አለ። ማላና ዶጋላ ከሚባሉት ሁለት ታላላቅ የጎሳ ክፍሎች ውጪ ተደርገው የኖሩ የሙያ ወገኖች ነበሩ፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ጭናሻዎች፣ አንጥረኞችና ቆዳ ፋቂዎች። እንስራውና ድስቱ በየቤቱ ይገባ ነበር፣ ሠሪዋ ግን አብራ አትበላም ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጋብቻ ክልክል ነበር። አንትሮፖሎጂስቷ ፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ ስለ እነዚህ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ጽፈዋል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ መሬት የሌላቸውን ባለ መሬት አደረገ፤ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የገባው የወንጌላውያን እምነትም በአንድ አግዳሚ አስቀመጣቸው። ለጋብቻ ሲጠያየቁ ዘር መቁጠሩ ግን ከሁሉ ዘግይቶ የሚለቅ ሆኗል። የጭናሻ ልጅ ከሌላው የወላይታ ልጅ በመልክም በቋንቋም አትለይም። ኒታን የመሰለ ድራማ ስለ እርሷ ቢሠራ ባለ ሜካፑ የሚቀባው አያገኝም፤ ልዩነቱን ለተመልካች የሚነግረው ሽማግሌዎቹ የአባቷን ስም የሚጠይቁበት ትዕይንት ብቻ ይሆናል።