ሴቶች ልጆቻችን ከስፖርት ሜዳ የት ገቡ?

የ2026 የዓለም ዋንጫ ስድስት ጨዋታዎች ለቶሮንቶ ሲመደቡ ያልተደሰተ የለም። ዳንፎርዝ ላይ ቡና ይዞ የተቀመጠው ሁሉ ወሬው ትኬት ሆነ። ዛሬ ግን የምናወራው ስለሚያየው ሰው ሳይሆን ስለሚጫወተው ነው። ማን ይጫወታል? ማንስ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል?

ብዙዎቻችን «ተሰጥኦ ነው፣ ከደም የመጣ ነው» ብለን እንገላገላለን። እስቲ በቆጂን እንይ። አርሲ ውስጥ ያለችው ይህች ትንሽ ከተማና አካባቢዋ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ሰጥተውናል። ከፍታው ይረዳል፣ እውነት ነው። ከፍታ ያለው አገር ግን ሞልቷል። በ2003 የታተመ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ከታዋቂ የማራቶን ሯጮቻችን ብዙዎቹ የአርሲና የሸዋ ልጆች ናቸው፤ በልጅነታቸውም ትምህርት ቤት የሚሄዱት ረጅም መንገድ እየሮጡ ነበር። በዚያ ላይ በቆጂ ውስጥ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የስፖርት መምህር ነበር፤ ልጆቹን በማለዳ ሰብስቦ የሚያሠራ። መንገድ፣ መምህር፣ ከፊት የሮጠ የጎረቤት ልጅ። ይህ ሁሉ ማኅበረሰብ ነው እንጂ ደም አይደለም።

ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከዚያ ወዲያ «ሴት ልጅ በቁምጣ ምን ትሮጣለች?» ይል የነበረ ቤተሰብም ቆም ብሎ አሰበ። ሩጫ ለሴት ልጅ እንጀራ ሆነ፤ ለእናት ቤት የሚሠራ፣ ወንድም እህት የሚያስተምር። እዚሁ ከተማችን ሹሬ ደምሴ በ2015 እና በ2016 የቶሮንቶ ዋተርፍሮንት ማራቶንን ስታሸንፍ ባንዲራ ይዘን አልጮህንም እንዴ?

ታዲያ ያቺን ሯጭ ያጨበጨብንላት ሰዎች፣ የራሳችን ልጅ 13 እና 14 ዓመት ሲሞላት ምን እንላታለን? «ይብቃሽ፣ ትምህርትሽን ያዢ።» ወንድሟ ልምምድ ሲሄድ እሷ ታናናሾቿን ትጠብቃለች፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና ታፈላለች፣ ለእናቷ የመጣውን ደብዳቤ ትተረጉማለች። ማንም አልከለከላትም፤ ጊዜ ግን አልተረፋትም። ነገሩ የሐበሻ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ካናዲያን ዊመን ኤንድ ስፖርት የተባለው ድርጅት በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ ስፖርት ከጀመሩ ሦስት ካናዳውያን ልጃገረዶች አንዷ የአሥራዎቹ ዕድሜ ከማለቁ በፊት ታቆማለች። ከወንዶቹ የሚያቆመው ከአሥር አንድ ነው።

አለባበስም አለ። በ2007 ከኦታዋ የመጣች የ11 ዓመት ልጅ ኩቤክ ውስጥ ሒጃብ ስላደረገች ከሜዳ እንድትወጣ ተደርጋ ነበር። ፊፋ የራስ መሸፈኛን በደንቡ የፈቀደው በ2014 ነው። ለሰባት ዓመት ያህል ስንት ሙስሊም ልጅ ጫማዋን እንደሰቀለች አስቡት።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የምንሰባሰብበት የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዝግጅት ትልቅ ነገር ነው። ዘመድ የተገናኘበት፣ ትዳር የተመሠረተበት፣ ቋንቋው የከበደው ልጅ እንኳ «ለካ እንዲህ እንበዛለን» ያለበት። ዋናው ውድድር ግን እስከ ዛሬ የወንዶች እግር ኳስ ነው፤ ሴቶቹን በብዛት የምናገኛቸው ምግቡና ልብሱ ከሚሸጥበት ድንኳን ጋ ነው። እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ካሜራችንን ይዘን ሜዳ የወጣነው ሁልጊዜ ወንዶቹን ለመቅረጽ ነው።

የገንዘብን ነገር ብዙ አናንዛዛውም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሆኪ ማለት መሣሪያው፣ የበረዶ ሜዳው ኪራይ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ መኪና መንዳቱ ነው። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የገባ አባት ይህን ከየት ያመጣዋል? ልጆቻችን ኳስና ባስኬት የሚመርጡት ስለወደዱት ብቻ አይደለም፤ አንድ ኳስና የትምህርት ቤቱ ግቢ ስለሚበቃ ነው። በ2017 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ለልጆች ስፖርት ይሰጥ የነበረውን የግብር ቅናሽ ጨርሶ አስቀረው።

ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት አንድ ነገር ግን አለ። የቶሮንቶ ከተማ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ነዋሪዎች «ዌልካም ፖሊሲ» የሚባል ድጋፍ አለው፤ ዋናውንም፣ ጂምናስቲኩንም፣ ኳሱንም በዚያ ማስመዝገብ ይቻላል። ክፍያ የማይጠይቁ የማኅበረሰብ ማዕከላትም አሉ። «ጃምፕስታርት» የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅትም ለልጆች የመመዝገቢያና የመሣሪያ ወጪ ያግዛል። ችግሩ ማመልከቻው ጊዜ ይወስዳል፤ ምዝገባው ደግሞ በማለዳ ተከፍቶ ተፈላጊዎቹ ክፍሎች በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላሉ። ስለዚህ ከምዝገባው ቀን ሳምንታት ቀደም ብላችሁ አመልክቱ፣ አካውንቱንም አስቀድማችሁ ክፈቱ። ፎርሙን ስትሞሉ ደግሞ የወንዱን ስም ብቻ ጽፋችሁ እንዳትዘጉት።