ኮንፊሺየስ፦ በሩን ለሁሉ የከፈተ መምህር

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ551 ዓመት፣ ዛሬ የቻይና ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር በሆነው ምድር፣ ሉ በምትባል ግዛት አንድ ልጅ ተወለደ። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለሞተበት ያደገው በችግር ነው። ቻይናውያን «ኮንግ ዚ» ይሉታል፤ «መምህር ኮንግ» ማለት ነው። እኛ የምናውቀው ኮንፊሺየስ በሚለው ስሙ ነው።

በዚያ ዘመን ትምህርት በአብዛኛው የመኳንንት ልጆች ዕድል ነበር። ኮንፊሺየስ ግን ለመማር የፈለገን ሁሉ ተቀበለ። ለመምህሩ እጅ መንሻ አንድ እስር ቋንጣ ብቻ ይዞ የመጣን ተማሪ እንኳ እንዳልመለሰ ደቀ መዛሙርቱ በጻፉት መጽሐፍ ተመዝግቧል። «ጁንዚ» የሚለው ቃል ቀድሞ የመስፍን ልጅ ማለት ነበር፤ እሱ ግን ጨዋ ሰው፣ በምግባሩ የከበረ ሰው አሰኘው። ጨዋነት ከዘር ሳይሆን ከትምህርት የሚገኝ ሆነ ማለት ነው።

ሲያስተምርም የተማሪውን ጠባይ ያይ ነበር። ሁለት ተማሪዎች በየተራ መጥተው «የሰማሁትን ወዲያው በተግባር ላውለው?» አሉት። አንደኛውን «መጀመሪያ አባትህንና ወንድምህን አማክር» ሲለው፣ ሌላውን «አዎ፣ አድርገው» አለው። ይህ ግራ ያጋባው ሦስተኛ ተማሪ ምክንያቱን ጠየቀ። የመጀመሪያው ችኩል ስለሆነ ልጓም፣ ሁለተኛው ፈሪ ስለሆነ ግፊት ያስፈልገው ነበር።

ከእሱ በኋላ የመጡት ፈላስፎች ሜንሺየስና ሹንዚ በሰው ተፈጥሮ ላይ አልተስማሙም። ሜንሺየስ ሰው ሲፈጠር ወደ መልካም ያዘነብላል አለ፤ ሹንዚ ደግሞ ወደ ክፉ። ለሜንሺየስ ትምህርት የበቀለውን ቡቃያ መኮትኮት ነው፤ ለሹንዚ የጎበጠውን እንጨት ማቃናት። ሰው ያለ ትምህርት ሙሉ እንደማይሆን ግን ሁለቱም አመኑ።

ይህ እምነት ውሎ አድሮ የመንግሥት ሥርዓት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ605 ገደማ በሱይ ሥርወ መንግሥት የተጀመረው የሹመት ፈተና እስከ 1905 ድረስ ዘለቀ። የገበሬ ልጅም ቢሆን የኮንፊሺየስን መጻሕፍት አጥንቶ ፈተናውን ካለፈ ሹም ሊሆን ይችል ነበር። ትምህርቱ ድንበርም ተሻገረ፤ በሃኖይ የሥነ ጽሑፍ ቤተ መቅደስ በ1070፣ በሴኡል የሱንግክዩንክዋን ትምህርት ቤት በ1398 ተመሠረቱ።

ሥርዓቱ ጉድለት ነበረበት። ሴቶች ለፈተናው አይቀመጡም ነበር፤ ብዙ ዓመት ሥራ ፈትቶ ማጥናት ለድሃ ቤተሰብ ከባድ ነበር። ከጊዜ በኋላም መጻሕፍቱን መሸምደድ መጻሕፍቱ የሚሉትን ሰው ከመሆን በለጠ። ዛሬ በየዓመቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ቻይናውያን ወጣቶች የሚቀመጡበት «ጋኦካኦ» የተባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ያንኑ ተስፋ፣ ያንኑም ጭንቀት ይዞ ይታያል።

መምህሩ ለሁለት ተማሪዎች ሁለት መልስ የሰጠ ሰው ነበር፤ በስሙ የቆመው ፈተና ግን ለሁሉም አንድ መልስ ጠየቀ። ወላጅም ሆንን አስተማሪ፣ ልጅን «ስንት አገኘህ?» ከማለታችን በፊት «ምን ዓይነት ሰው እየሆንህ ነው?» ብለን እንጠይቀው። ኮንፊሺየስ በሩን የከፈተው ለዚህ ጥያቄ ነበር።