ስለ ደነበረ ፈረስ

በከሚሴ አጠገብ የቦርከና ውሃ በሚያረሰርሰው በጨፋ ሜዳ ቦይና ረግረግ ብዙ ነው። ቦይ ሲዘል የወደቀ ፈረስ ዳግመኛ ከቦይ አፋፍ በደረሰ ጊዜ ይቆማል፤ ባለቤቱም እልከኛ ነው ብሎ በአለንጋ ይገርፈዋል። ይህ ግን ፍርሃት ነው እንጂ እልክ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ዜኖፎን ስለ ፈረስ በጻፈው መጽሐፍ፥ የደነበረ ፈረስ ቢመታ ፍርሃቱ እንዲብስበት አስተምሯል፤ ሥቃዩን ያመጣበት ያው ያስፈራው ነገር ይመስለዋልና።

አስቀድሞ እግሩና ጀርባው ይመርመር፤ የሚያመው ፈረስ በማባበል አይዘልም። ከዳነ በኋላ ሕፃን ልጅ እንኳ የሚሻገረውን ጠባብ ቦይ መርጦ፥ ያልፈራ ፈረስ ከፊት ማስቀደም ይገባል፤ ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነውና ባልንጀራውን ይከተላል። ልጓሙም ይላላለት፤ ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ሆኑ፥ ርቀቱን ለመመጠን ራሱን ከፍና ዝቅ ማድረግ ያሻዋል። በተሻገረ ጊዜ አንገቱን አሻሽቶ የዚያን ቀን ሥራ መፈጸም ነው። ብዙ ሰው ግን ደስ ብሎት አሥር ጊዜ ያስደጋግመዋል፤ ፈረሱም ደክሞ ይሰናከላል፥ የሳምንቱም ልፋት በአንድ ሰዓት ይጠፋል። ወደ ሰፊው ቦይ የሚታለፈው ጠባቡን ሳያመነታ ሲዘል ብቻ ነው፤ ይህም ለአንዱ ፈረስ በቀናት፥ ለሌላው በወራት ይሆናል።