ቁጥሩ የሚለዋወጥ ቤት

ከሳን ሆዜ በስተሰሜን የምትገኘው ሚልፒታስ፣ የማስታወሻ ካርድና የፍላሽ ዲስክ አምራቹ የሳንዲስክ ዋና መሥሪያ ቤት መቀመጫ ናት። በዚህ አካባቢ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮዎቻቸውን፣ የቤተሰብ ፎቶግራፎቻቸውን በወርሃዊ ክፍያ ለሌላ ድርጅት ከማስረከብ ይልቅ በቤታቸው ባስቀመጡት አነስተኛ ሰርቨር ማኖርን የሚመርጡ አይጠፉም። ችግሩ የሚመጣው ባለቤቱ ሲርቅ ነው። አዲስ አበባ ገብቶ ለዘመዶቹ ፎቶግራፍ ሊያሳይ ሲሞክር፣ ትናንት የሠራው አድራሻ ዛሬ መልስ ይነፍገዋል። ሰርቨሩ ግን አልተበላሸም፤ የቤቱ ቁጥር ተቀይሯል።

ቁጥሩ ለምን ይቀየራል? ዛሬም በብዛት የሚሠራበት የኢንተርኔት አድራሻ 32 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ4.3 ቢሊዮን ያልበለጠ ቁጥር ይሰጣል። የዓለም አቀፉ ማዕከላዊ ክምችት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011፣ የሰሜን አሜሪካው ደግሞ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2015 አለቀ። በመሆኑም አገልግሎት ሰጪዎች ቁጥሩን ለየቤቱ የሚሰጡት በውሰት ነው። የውሰቱ ጊዜ ሲያበቃ ወይም መብራት ጠፍቶ ራውተሩ እንደገና ሲነሣ ሌላ ቁጥር ሊመጣ ይችላል። ቋሚ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል።

መፍትሔው ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። የቤት ቁጥር ጠይቆ እንግድነት የሚሄድ ማን አለ? ተከራይ ቤት ቢቀይርም የስልክ ቁጥሩን ይዞ ስለሚሄድ፣ «ሰፈሩ ስትደርስ ደውል» ይበቃል። የኢንተርኔት ስሞች ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1983 በፖል ሞካፔትሪስ ሲነደፍ፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚመልስ መዝገብ ነበር። በ1997 ደግሞ መዝገቡን ወዲያው ማደስ የሚያስችል ደንብ ወጣ። በራውተሩ ወይም በሰርቨሩ ላይ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር ለመዝገቡ ያሳውቃል፤ መንገደኛው የሚያስታውሰው ስሙን ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ስሙ ቤቱን ያሳያል እንጂ በሩን አይቆልፍም። ባለቤቱ ይገባበት ዘንድ በራውተሩ ላይ የተከፈተ ፖርት ለመላው ዓለም የተከፈተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ኢንተርኔትን እያሰሰ፣ በፋብሪካ የተሰጣቸው የይለፍ ቃል ያልተቀየረላቸውን የቤት ካሜራዎችና ራውተሮች ማረከ። የተጠቀመው 60 ያህል የተለመዱ የመግቢያ ቃላትን ነበር፤ ከዚያ የረቀቀ ጥበብ አላስፈለገውም። ኦክቶበር 21 ቀን እነዚህ መሣሪያዎች በአንድነት ዳይን በተባለው የስም መዝገብ ድርጅት ላይ ዘመቱ፤ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾችም ለሰዓታት ተስተጓጎሉ። ዳይን ደግሞ በተማሪዎች እጅ ሲጀመር፣ ቁጥራቸው ለሚለዋወጥ ቤቶች ስም በነጻ በመስጠት የታወቀ ነበር። ከቤት የተነሣው ጦር የቤቶችን ስም ጠባቂ መታ ማለት ነው።

ስለዚህ ካሜራውንም ሆነ የፋይል ማከማቻውን በቀጥታ ከማጋለጥ፣ አንድ በር ብቻ ለቪፒኤን መክፈት እጅግ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከሊኑክስ ጋር የተዋሐደው ዋየርጋርድ ቁልፉን ለማያውቅ ሰው ጨርሶ መልስ ስለማይሰጥ፣ በሩ መኖሩ እንኳ በቀላሉ አይታወቅም። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ ስሙን ወደ ቁጥር የሚመልሰው ሲነሣ ብቻ ነው። የቤቱ ቁጥር መሐል ላይ ከተቀየረ ግንኙነቱን አጥፍቶ ማብራት ያስፈልጋል።

ስምም የማይረዳበት ጊዜ አለ። አንዳንድ አገልግሎት ሰጪዎች፣ በተለይም በሞባይል ኔትወርክ፣ አንዱን ቁጥር ለብዙ ደንበኞች ያካፍላሉ። በራውተሩ ውስጥ የሚታየው ቁጥር ከውጭ ከሚታየው ከተለየ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ከጀመረ፣ ቤቱ ከእንዲህ ያለ የጋራ አጥር ጀርባ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ከውጭ የሚያንኳኳ እንግዳ አጥሩን አልፎ አይደርስም። ያኔ ሰርቨሩ ራሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ደውሎ፣ ቋሚ ቁጥር ባለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከባለቤቱ ጋር እንዲገናኝ ይደረጋል።

እ.ኤ.አ. ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ገደማ በኢትዮጵያ እንደሆነው ኢንተርኔት ራሱ ሲዘጋ ግን ከእነዚህ ዘዴዎች አንዱም አይሠራም፤ የሚበጀው በእጅ የተያዘ ዲስክ ነው። ከዚህ ውጭ ላለው ጊዜ ፍተሻው ከሚልፒታስ ሳይነሡ መደረግ አለበት፤ ያውም የስልኩን ዋይፋይ አጥፍቶ በሞባይል ኔትወርክ። በቤቱ ዋይፋይ የተሞከረ መንገድ ከደጅ መሥራቱን አያረጋግጥም።